ሠላሳ አንድ ነጥብ ያገኘው ምላስ

ጥቅምት 9

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባለቤቴም ልብሷን እየሰፋች፣ በእኔም እየሳቀች ደህና ናት። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

አይ፣ አልታመምኩም። «ስለ ሥራህ ሁለት መስመር ብቻ የጻፍከው ምን ቢሆን ነው?» ላልሽው፣ አፍሬ ነው። እንግዲህ ልንገርሽ። የአውቶቡስ ጋራዣችን ውስጥ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ አንድ የድምፅ መቀበያ ማሽን ሰቅለዋል። ድሮ ጠዋት ጠዋት የየአውቶቡሱን ብልሽት መዝገብ ላይ እንጽፍ ነበር። አሁን መዝገቡ ቀርቷል። መቀበያው ፊት ቆመሽ ትናገሪያለሽ፤ እሱ ይሰማሽና ከመቶ ነጥብ ይሰጥሻል። የሚመዝነው የአውቶቡሱን ብልሽት እንዳይመስልሽ፤ አነጋገርሽን ነው። ጥራቱን፣ እርጋታውን፣ ትሕትናውን። ከሃምሳ በላይ ያገኘ ሪፖርት በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ይሄዳል። ከዚያ በታች የሆነው «ይቆይ» የሚባል ቦታ ይገባል። እዚያ ገብቶ የወጣ እስካሁን አላየሁም።

የሁላችንም ነጥብ በየሳምንቱ በር ላይ ይለጠፋል። በወሩ ስብሰባ ላይም እጁን አውጥቶ መናገር የሚችለው ከሃምሳ በላይ ያለው ብቻ ነው።

የእኔን ምላስ ታውቂዋለሽ። ሃያ ሦስት ዓመት ፍሬን ስሠራ ኖሬ፣ እንደ «ፍ» የሚያስቸግረኝ ፊደል የለም። ሠላሳ አንድ አገኘሁ። ጎሚስታው ወዳጄ፣ ያ ጎማ እየለጠፈ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው፣ ሃያ ሁለት አገኘ። እሱን የጣለው ስድቡ ነው። «ዘጠኝ ነጥብ በልጠኸኛል፤ ከእንግዲህ አንቱ ልበልህ?» ይለኛል።

እባክሽ አትደውይ። ስልክ ላይ ቃል ሲይዘኝ ሰው መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። እጄን ግን እንደምታዪው ምንም አይዘውም።

ታናሽሽ

ጥቅምት 24

ወንድሜ፣ እንደምን አለህልኝ?

ደብዳቤህን ስቱዲዮ ውስጥ፣ የማለዳውን ዜና ልጀምር ጥቂት ደቂቃ ሲቀረኝ ከፈትኩት። ከፍቼ ባላነበብኩት ይሻል ነበር። አለቃዬ ስወጣ ጠብቆ «ዛሬ የአየር ጠባዩን ያነበብሽው እንደ ጦርነት አዋጅ ነው» አለኝ።

ከደብዳቤው ጋር ባስገባሃት ቁራጭ ወረቀት ለጠየቅኸኝ፦ አዎ፣ የመድኃኒት ቤቱን ቀን አስታውሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። ባለመድኃኒቱ አንተን ሲጠይቅህ እኔ እንደ ልማዴ ቀድሜ መለስኩለት። ውጭ ስንወጣ እጅጌዬን ጎትተህ «ል-ልናገር ነበርኮ» አልከኝ። እኔ ግን እያገዝኩህ ይመስለኝ ነበር።

ከፈቀድክልኝ ለሥራ አስኪያጃችሁ ልጻፍለት። ካልፈቀድክልኝ አልጽፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንህ። መቀበያው ሳጥን ላይ የሠራው ኩባንያ ስም ተጽፎ ካየህ ገልብጠህ ላክልኝ። ለምን እንደፈለግኩት አሁን አትጠይቀኝ። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፤ ብሳሳት ደስታዬ ነው።

እህትህ

ኅዳር 12

እታለም፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

የሳጥኑን ጽሑፍ ገልብጬ ከገጹ ጀርባ አስፍሬልሻለሁ። ለሥራ አስኪያጁ አትጻፊለት። እኔ ራሴ ሄጄበታለሁ።

የሄድኩት ስለ ነጥቤ አልነበረም። ከሁለት ወር በፊት አዲስ የፍሬን ሸራ ገባልን። ሲያዩት ያምራል። ሲግል ግን ፊቱ እንደ ብርጭቆ ይለሰልስና ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ታምቡር መያዝ ያቅተዋል። ሜዳ ላይ ማንም አያውቀውም፤ ቁልቁለት ላይ ነው ጉዱ። ይህንን ለመቀበያው ሦስት ጊዜ ነገርኩት። ሠላሳ አንድ፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ አራት። ሦስቱም «ይቆይ» ገቡ።

የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስን ስለምትነዳው ሾፌር ጽፌልሽ አውቃለሁ፤ ያቺ በቀን ስምንት ጊዜ የገበያውን ቁልቁለት የምትወርደው። ባለፈው ሰኞ ጠዋት መቀበያው ፊት ቆማ ስትናገር ሰማኋት። «እንደምን አደራችሁ። ፍሬኑ ትንሽ ለስለስ ያለ ይመስለኛል። ምናልባት እኔ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ከታላቅ ምስጋና ጋር።» የመቀበያው አረንጓዴ መብራት በራ። ዘጠና አራት!

ተከትያት ወጣሁ። «ለ-ለስለስ ነው ያልሽው? ፍሬን ስረግጥ እግሬ ወለሉን ነካ ብለሽኝ አልነበር?»

«ነክቷል» አለችኝ። «መጀመሪያ እንደዚያው ብዬ ስናገር ቀይ አበራብኝ። ድጋሚ ስሞክርም ቀይ። በሦስተኛው ምን እንደሚወድ ገባኝ።»

ያ ዘጠና አራት ነጥብ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ደረሰና «ክትትል ይደረግ» ተብሎ ተጻፈበት። ለስላሳ ፍሬን ማንን ያስደነግጣል?

በወረቀት ጽፌ ቢሮው ገባሁ። ወጣት ነው፤ ክፉም አይደለም። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ወረቀቱን ግን በሁለት ጣቱ መለሰልኝ። «ወረቀት መቀበል አቁመናል፣ አባቴ። ለሁሉም እኩል መለኪያ እንዲሆን ነው። ንግግርዎን የሚያሻሽሉበት ሥልጠና አለ፤ ስምዎን ላስመዝግብልዎ?» አለኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ እታለም። እናታችን በሕይወት ሳለች ለዚህ ምላሴ ስንቱ ሐኪም ዘንድ እንደወሰደችኝ ታውቂያለሽ።

ግምጃ ቤት ከቀረው የድሮ ሸራ ለአሥራ አራት ቁጥር ልገጥምላት ጠየቅኩ። ያለ ትእዛዝ አይወጣም ተባልኩ። ትእዛዝ የሚወጣው በሪፖርት ነው። ሪፖርቴ ያለበትን ታውቂዋለሽ።

ታናሽሽ

ኅዳር 29

ወንድሜ፣

ጎሚስታው ባይጽፍልኝ ኖሮ መቼ ልትነግረኝ ነበር? ፊደሎቹ እንደ ጎማ እየተንከባለሉ ከመስመር ቢወጡም ሁሉንም አንብቤዋለሁ። የአሥራ አራት ቁጥርን አደጋ፣ ቁልቁለቱን፣ የአሸዋውን ክምር። አንተን ደግሞ «ተቀባይነት ያለው ሪፖርት አላቀረበም» ብለው ከሥራ አግደው ቤት እንዳስቀመጡህ። በቅርቡ «ሁላችን ደህና ነን» ብለህ የላክህልኝ ካርድ የተጻፈችው ከታገድክ ከአምስት ቀን በኋላ ነው! ቀኖቹን አስተያየኋቸው።

ልቆጣህ ብዬ ብዕር አነሣሁ። ግን እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ፤ ስለዚህ ቁጣዬን ዋጥኩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ኩባንያ ስድስት አንባቢዎችን ቀጠረ። አንዷ እኔ ነበርኩ። ስምንት ቀን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስናነብላቸው ሰነበትን፤ በቀስታ፣ በጥራት፣ በፈገግታ። ለማስተማሪያ ነው አሉን። ገልብጠህ የላክህልኝ ስም የዚያ ኩባንያ ስም ነው። ደውዬ ጠየቅኳቸው። በኩራት ነገሩኝ፦ ማሽኑ መቶ የሚሰጠው ለእኛ ለስድስታችን አነጋገር ለቀረበ ነው፤ ከእኛ በራቀ ቁጥር ይቀንስበታል።

ወንድሜ፣ ሠላሳ አንድ የሰጡህ ከእኔ ድምፅ ጋር እያስተያዩ ነው።

ሌላ ምን እንደምጽፍ አላውቅም። የጠቅላላ ስብሰባችሁን ቀን ጎሚስታው ነግሮኛል። ልምጣ። መድረኩ ላይ ወጥቼ ያንተን ቃል በዚሁ ድምፄ ልናገርልህ። ወይም የምትለውን አሳምሬ ልጻፍልህና አንተ አንብበው። ይቅር በለኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 8

እታለም፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ሦስት ቀን ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። አልዋሽሽም፣ ከፍቶኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ «ያቺ ሴት በጭንቀት እንድትሞት ነው የምትፈልገው?» ብላ ወረቀትና ብዕር ፊቴ አኖረች።

እንግዲህ ስሚኝ። አንቺ ድምፅሽን ሰጠሽ እንጂ መለኪያ ይሁን አላልሽም። ድሮም ድምፅሽን እወደዋለሁ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሬዲዮኑን የሚከፍተው ማነው?

ስለ አደጋው ጎሚስታው ያልጻፈልሽን ልንገርሽ፦ ሾፌሯ ፍሬኑ እንደከዳት ስታውቅ መሪውን ወደ አንድ የሚሠራ ሕንፃ ግቢ ጠምዝዛ አሸዋው ላይ ሰካችው። አርባ አንድ ተሳፋሪ በእግሩ ወረደ። እሷ የትከሻዋ አጥንት ተሰብሯል። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ ገና ሳልቀመጥ «ዘጠና አራት ነጥብ ይኸውልህ» ብላ የታሰረ ትከሻዋን አሳየችኝ። ከዚያ አለቀሰች። እኔም።

ስለ መምጣትሽ፣ እባክሽ አትምጪ። አሳምረሽም አትጻፊልኝ። አሳምረው ከተናገሩማ እንደሚሰማ እነሱም ያውቃሉ። ከአደጋው በኋላ ጉርምርምታ ስለበዛ የድርጅቱ ቦርድ «በዚህ ስብሰባ መቀበያው ይቀጥል ወይስ ይነሣ የሚለውን ሠራተኛው ራሱ በድምፅ ይወስን» ብሏል። ልበ ሙሉ ናቸው፤ ተናጋሪው ሁሉ ባለ አረንጓዴ ነዋ። እኔ የመናገር ተራ የለኝም። ግን እንደምንም አገኛለሁ። ሳገኝ ደግሞ የራሴን ነው የምናገረው፤ የፈለገውን ያህል ጊዜ ይፍጅ።

ምን ላድርግ ብትይኝ፣ አንድ ነገር አለ። ድምፅሽን ከእነሱ ልትወስጂ ትችያለሽ?

ታናሽሽ

ታኅሣሥ 15

ወንድሜ፣

ወስጃለሁ። ለኩባንያው የጻፍኩትን አንድ ቅጂ ለስብሰባችሁ ሰብሳቢ ልኬለታለሁ። ጠበቃቸው ውሉን እየጠቀሰ አስፈራራኝ። «ጌታዬ፣ እኔ ቃል አጥርቼ አነባለሁ፤ ውሉ ላይ ሰው ይለካበታል የሚል የለም» አልኩት። ስልኩን ዘጋብኝ። ለዚህ ትሕትናው ማሽኑ ስንት እንደሚሰጠው አላውቅም።

አልመጣም። ካንተም አፍ ቀድሜ አልናገርም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት ቢዘገይም ገብቶኛል። ምክርም የለኝም። ውኃ ጠጥተህ ውጣ፣ በቃ።

እህትህ

ታኅሣሥ 28

እታለም፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እንኳን ደስ ያለን!

ከመጨረሻው ጀመርኩልሽ፤ ልቤ አልችል ብሎኝ። አሁን በተራ ልንገርሽ።

ስብሰባው አውቶቡስ የሚታጠብበት ሰፊው ክፍል ውስጥ ነበር። ሁለት መቶ ስልሳ ሰው፣ ገሚሱ አግዳሚ ላይ፣ ገሚሱ ጎማ ላይ ተቀምጦ። መድረኩ አጠገብም አንድ መቀበያ አቁመዋል፤ ተናጋሪውን ሁሉ እያዳመጠ ቁጥሩን በትልቁ ያበራል። አራት ሰዎች ተነሥተው ስለ ጥቅሙ ተናገሩ። ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ አምስት፣ ዘጠና። ሁሉም አንድ ሰው የተናገረ ይመስል ነበር። የቦርዱ ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ከዚያ የአሥራ አራት ቁጥሯ ሾፌር ስሟ ተጠራ። ክንዷ እንደታሰረ ወጣች። «እኔ ዘጠና አራት ነጥብ አለኝ» አለች። «ያገኘሁት በመዋሸት ነው። ፍሬን ሠሪው እውነቱን ተናግሮ ሠላሳ አንድ አገኘ። አምስት ደቂቃዬን ለእሱ ሰጥቻለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ብድግ አለ። «ተራ አይተላለፍም፤ መመሪያው...»

ጎሚስታው ከኋላ ጮኸ። «ትከሻዋ ተሰብሯል አይደል እንዴ! ማይክ የሚይዝላት ሰው አያስፈልጋትም?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው፣ ሽማግሌው ቀለም ቀቢ፣ መነጽሩን አወለቀና «ማይኩን ይያዝላት» አለ።

ወጣሁ። ማይኩን ያዝኩላት። አፌን ስከፍት «ፍ» ላይ ያዘኝ። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ጎሚስታው አንድ ደቂቃ ነው ይላል፣ እሱ ያጋንናል። መቀበያው ቀይ አበራ። አሥራ ሁለት። ዞሬ አየሁትና «አ-አ-አሥራ ሁለት» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ሳቁ። እታለም፣ በእኔ ላይ አልነበረም፣ ከእኔ ጋር ነው የሳቁት። እኔም ሳቅኩ። ሰብሳቢው ኮቱን አወለቀና መቀበያው ላይ ጣል አደረገበት። ከዚያ በኋላ ቁጥር ያየ የለም።

ያልኩትን ልጻፍልሽ፣ እዚህ ላይ ሳልንተባተብ።

«ፍሬኑ አይይዝም። ሁለት ቃል ነው፤ ለእኔ ረጅም ጊዜ ይፈጅብኛል። ሦስት ጊዜ ተናገርኩት። ማሽኑ እንዴት እንዳልኩት መዘገበ፤ ያልኩትን የሰማ ሰው ግን አልነበረም። ተቆጥቶ ነበር ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ተቆጥቼ ነበር። አውቶቡሱ ሰው ነው የሚጭነው። ጎሚስታው ይሳደባል። ስድቡን አልወድለትም። ግን እሱ ሰድቦት ደህና ሆኖ የተገኘ ጎማ እስከዛሬ አላየሁም። ስብሰባ ላይ አልስማማም የሚል ሰው ሲነሣም መስማት አለብኝ። ያለው ካልጣመኝ መልስ እሰጠዋለሁ። አፉ ላይ ቁጥር አልለጥፍበትም። ከእናንተ መሃል ስንቶቻችሁ ናችሁ ቀይ እንዳይበራ ብላችሁ ያያችሁትን ያላያችሁ ያስመሰላችሁ? እኔ አልፈርድባችሁም። ዛሬ ግን እጃችሁን ስታወጡ ማንም ነጥብ አይሰጣችሁም።»

ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ሰብሳቢው «አምስት ደቂቃህ አለቀ» አላለኝም። «ቁ» ላይ ሲይዘኝ ከፊት የነበረች ትኬት ሻጭ ቃሉን ልታቀብለኝ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው። አንጀቴን አራሰችው።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ያንቺን ደብዳቤ አነበበ። «የማለዳው ዜና አንባቢ» ሲል ክፍሉ በሹክሹክታ ተሞላ። «ድምፄን ያዋስኩት ሰው እንዲሰማበት እንጂ ሰው ዝም እንዲባልበት አይደለም» የምትለው ላይ ሲደርስ ሾፌሯ በደህና እጇ ጭኗን መታች። ሌላውም ቀጠለ።

ቆጠሩ። ይነሣ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ይቀጥል፣ ሠላሳ ስምንት። ዘጠኝ ሰው ድምፅ አልሰጠም። የቦርዱ ሊቀ መንበር አማራጭ አልነበረውም፤ እዚያው ፈረመ። እገዳዬ ተነሣ። የብርጭቆው ሸራ ከሁሉም አውቶቡስ እንዲወልቅ ታዘዘ፤ እስካሁን አሥራ ዘጠኙን ቀይሬአለሁ፤ እጄ አብጧል፤ ደስ ብሎኛል።

የግድግዳውን መቀበያ የፈታው ጎሚስታው ነው። እኔ መሰላል ያዝኩለት። በእያንዳንዱ ብሎን አንድ አንድ ስድብ፣ አንድም አልደገመም።

ታናሽሽ

ጥር 12

ወንድሜ፣ የእኔ ጀግና፣

አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ጎረቤቴን ጠርቼ አነበብኩላት። ሴትዮዋ አንተን አይታህ ሳታውቅ አልቅሳ ሄደች።

ስለ እኔ ሥራ የደበቅኩህን አሁን መናገር እችላለሁ። ድምፄን ከኩባንያው ስለወሰድኩ ሁለት ሳምንት ከማይክ አንሥተውኝ ነበር። ጣቢያችንም ለካ ያንኑ ማሽን ሊገዛ እየተዋዋለ ነበር፤ ስልክ የሚደውሉ አድማጮችን አየር ላይ ከመውጣታቸው በፊት ነጥብ ሊሰጥበት። የእናንተ ወሬ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ከቀሩት አምስት አንባቢዎች አራቱ ድምፃቸውን ወሰዱ። አድማጮች እየመጡ በር ላይ ደብዳቤ ጥለው ሄዱ። አለቃዬ ውሉን ቀደደው፤ ፊቴ ነው የቀደደው።

ትናንት ማለዳ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ዜና የእናንተ ነበር። «ፍሬን» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። ሁለት ሴኮንድ ያህል ምንም አልወጣኝም። አልደነገጥኩም። ጠበቅኩና ቀጠልኩ።

እህትህ

የካቲት 5

እታለም፣ እንደምን አለሽ?

ሰምቼሻለሁ። ባለቤቴ «ምን ነካት?» ስትለኝ «ምንም፤ እያወራች ነው» አልኳት።

አሁን እንዴት ነው ብትይኝ፦ ጫጫታ ነው! የወሩ ስብሰባ ሰብሳቢ አድርገው መረጡኝ። ስብሰባው እንዲያጥር ፈልገው ከሆነ ተሳስተዋል። በመጀመሪያው ቀን ጎሚስታው ተነሥቶ የፍሬን ክፍሉ ዘይቱን መንገድ ላይ እንደሚደፋ አወራ፤ ማለትም እኔን። እውነቱን ነው። አመሰገንኩት። ሥራ አስኪያጁም እጁን አወጣ። ማሽኑን አሁንም እንደሚደግፍ ተናገረ። ያጉረመረሙበት ነበሩ። «ይናገር» አልኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጥነው፤ ከዚያ አንድ በአንድ መለስንለት።

ሊያልቅ ሲል ከኋላ አንዲት እጅ ወጣች። የጽዳት ሠራተኛዋ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት አብረውን ሠርተዋል፤ ከ«እንደምን አደራችሁ» ሌላ ቃል ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። ዝምተኛ ናቸው እንል ነበር። ተነሡ። የሴቶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ እንደማይቆለፍ ተናገሩ። አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የወለል ማጠቢያው ኬሚካል እጃቸውን እንዴት እንደላጠው አሳዩ። ከማጠቢያው በታች ያለው ቱቦ የት ላይ እንደሚያፈስ፣ የትኛው አውቶቡስ ሲመጣ መቀመጫው ሥር ውኃ እንደሚገኝ፣ የትኛው መሰላል አንድ ቀን ሰው እንደሚጥል፤ ዘጠኝ ዓመት ያዩትን ሁሉ በተራ በተራ። ስቆ የነበረው ሁሉ ማስታወሻ መያዝ ጀመረ።

ሰዓቱ አልፎ ነበር። አንዱ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ያሳጥሩ በላቸው እንጂ፣ ሰብሳቢ አይደለህም?» አለኝ።

«ይ-ይ-ይጨርሱ» አልኩት።

ጨረሱ። ማንም አልወጣም ነበር።

ታናሽሽ